በእኔ ሳል የታለፈ ፈተና

ጡረታ በወጣሁ ዕለት ሆስፒታሉ ኬክ አስጋገረልኝ። ኬኩ ላይ በነጭ ክሬም ሁለት እጆች ተሥለው፣ ከሥራቸው በእንግሊዝኛ «ለረጂ እጆችህ እናመሰግናለን» የሚል ተጽፏል። ጋጋሪው ቸኩሎ ነው መሰለኝ አንደኛው እጅ ስድስት ጣት አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሆዴ ግን «አይ ጋጋሪ! ከዚህ ሁሉ ሰው ያወቅከኝ አንተ ብቻ ነህ» አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የማይገባበት የሚገባ ትርፍ ጣት ነበረኝና።

ሥራ አስኪያጇ ንግግር አደረገች። ትሑት ነው፣ ትዕግሥተኛ ነው፣ ታማኝ ነው አለች። ሦስቱም የሉኝም። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን። ማታ ፎቶውን ያየው ልጄ፣ «አባዬ፣ ምነው እጅህን ወደ ኋላ? የታሰረ ሰው መሰልክ እኮ» አለኝ። ልጄ ዱባይ አቅራቢያ፣ አጅማን ከተማ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይሠራል፤ እኔም አሁን የምኖረው በእሱ ከፊልነት፣ በእሱ ዋስትና ነው። ድሮ ሲያጠፋ የምቆነጥጠው ልጅ ዛሬ የመኖሪያ ወረቀቴን አሳዳሽ ሆኗል፤ ስለዚህ ስመልስለት ተጠንቅቄ ነው።

«ልማድ ነው» አልኩት።

ልማድ ብቻ አይደለም። ያ የኬክ ጽሑፍ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያንገበግበኝ ሰንብቷል። በሥራ ዘመኔ ያደረስኩት ትልቁ ጥፋት በክፋት የመጣ አይደለም፤ በስንፍናም አይደለም፣ ምንም እንኳ ሰነፍ ብሆንም። በመርዳት ነው የመጣው። ይህንን ኬክ ላይ አይጽፉትም። እኔ ልጻፈው።

ኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፤ ሐኪሙ ከሌለ ሐኪም ነኝ፣ ዘበኛው ከሌለ ዘበኛ። ዱባይ የመጣሁት ዴራ ላይ ጨርቅ በጅምላ እየገዛች አገር ቤት የምታስገባ ዘመዴን ሸክም ላግዝ ነው፤ ለሁለት ሳምንት። ጨርቁ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ።

አል ሪጋ ጎዳና ላይ ያለ አንድ ክሊኒክ በጽዳት ቀጠረኝ። አለቃዬ ግብፃዊ ሐኪም ነበር፤ ስሜ ዓለሙ መሆኑን አንድ ቀን አልጠየቀም። «ያላ!» ሲል እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ያላ ሆኜ ኖርኩ። አንድ ቀን አንድ ግዙፍ ሕመምተኛ ከአልጋ ሲወርድ መሬት ተዘረጋ፤ ነርሶቹ ዙሪያውን ይጯጯሃሉ። እኔ መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ፣ ጉልበቴን ከጉልበቱ አግጥሜ፣ ክንዴን በብብቱ ሥር አሳልፌ አቆምኩት። ኮምቦልቻ በቃሬዛ የመጣ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚነሳው፤ ጥበብ መሆኑን ያወቅሁት ዱባይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከያላ ወደ ሐጂ ከፍ አልኩ። ሽበቴን ያየ ሁሉ ሐጂ ይለኛል። እኔ የጊዮርጊስ ደብር ልጅ ነኝ፤ ግን የተሰጠ ሹመት አይመለስም ብዬ ዝም አልኩ።

ቀጥሎ አል ጋርሁድ አንድ ቪላ ውስጥ፣ ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውን የያዛቸው ሽማግሌ አስታማሚ ሆንኩ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ስቆልፍላቸው በደህናው እጃቸው ይመቱኝ ነበር። «ተወኝ! እኔ ሕፃን ነኝ?» ይሉኛል። እኔ ባለጌ ሽማግሌ ብዬ አማቸው ነበር። ዛሬ የእኔን ቁልፍ ልጄ ሊቆልፍልኝ ሲል የምሳደበውን ስድብ ብትሰሙ ባለጌው ማን እንደሆነ ይገባችኋል። እሳቸው ሲያርፉ ቤተሰቡ የጻፈልኝን ደብዳቤ ይዤ ሻርጃ ገባሁ፤ ሮላ ሰፈር ቤድ ስፔስ፣ አንድ አልጋ ብቻ፣ ተከራይቼ፣ ስሙን ወደማልጠራው ማገገሚያ ሆስፒታል።

ሌላው ሆስፒታል ሰውን ከሞት ያተርፋል። የተረፈው ሰው ደግሞ እኛ ጋ ይመጣና፣ «እሺ፣ ተረፍኩ፤ አሁን ምን ልሁን?» ይላል። ሥራችን ይኸው ነው። አከርካሪው የተመታውን መቀመጥ፣ ስትሮክ የያዘውን ማንኪያ መጨበጥ፣ ጭንቅላቱ የተጎዳውን ጠዋት ካልሲ ከጫማ እንደሚቀድም ማስታወስ እናስተምራለን።

እዚያ ያሠለጠነኝ ኩሪያን ይባላል፤ ከኬረላ የመጣ ሕንዳዊ ቴራፒስት። በዕድሜ በዐሥር ዓመት ያንሰኛል፣ በዕውቀት አያቴ ነው። የምንግባባው በግማሽ ዓረብኛና በሩብ እንግሊዝኛ ነው፤ የቀረው ሩብ በዓይን። ሁልጊዜ ሄል ያኝካል፤ ሳታየው መምጣቱን ሽታው ይነግርሃል። ጠዋት ወደ ሕሙማኑ ሲገባ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን ያነሳና ሶሉን ገልብጦ ያያል። የትኛው ጠርዝ እንደተበላ፣ የትኛው ጣት እንደሚጎተት ከዚያ ያነባል። «ፊት እኔን ደስ ለማሰኘት ይዋሻል፤ ሶል ይሉኝታ የለውም» ይለኝ ነበር።

ትልቁ ልማዱ ግን እጁ ነው። ሕመምተኛው ሲንቀሳቀስ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑን ወደ እኛ ያንከራትታል። ኩሪያን ሦስት ትንፋሽ ይቆጥራል። ሦስተኛው ሳያልቅ አይነካም።

«ዓለሙ፣ እጅህ የት ነው?» ይለኛል።

እጄ ሁልጊዜ የሰው ብብት ሥር ነው።

«ቢወድቅስ?» እላለሁ።

«ሊወድቅ ሲል ያዘው። ሳይንገዳገድ ከያዝከው ግን ያቆምከው ራስህን ነው፤ እሱን አይደለም።»

እኔ ካደግሁበት አገር ይህ ነውር ነው። ሐዘንተኛ እሳት አያነድም፣ አራስ ውኃ አትቀዳም፤ ጎረቤት እያለ ማን ያስነካታል? ሰው ሲጨነቅ እጅን አጣምሮ ማየት የጠላት ሥራ ነው። ስለዚህ ኩሪያን ሲያይ አጣምራለሁ፤ ፊቱን ሲያዞር እደግፋለሁ። ዓመታት እንዲህ አታለልኩት። ብልጥ ነኝ ብዬም ኮራሁ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ የልምምድ ወጥ ቤት ነበረን። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ቁም ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ ስልክ። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ከመውጣቱ በፊት እዚያ ይፈተናል። ሽንኩርት ከትፎ፣ በዘይት አቁላልቶ፣ እንቁላል ጨምሮ ያቀርባል። ቀላል ይመስላል። ግን ዘይቱ ምድጃ ላይ እያለ ኩሪያን ወደ ኮሪደሩ ይወጣና በመስታወቱ እያየ ስልኩን ይደውላል። ሕመምተኛው ስልኩን ሊያነሳ ሲሄድ ምድጃው ትዝ ይለዋል ወይስ አይለውም? ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው፤ ፈተናው ያች ስልክ ናት። እኔ ደግሞ ለአደጋ ጊዜ ውስጥ እቆማለሁ። ውስጥ የሚባለውን ኮሪደር ያለ ሰው አይሰማም። ይህን ያዙልኝ።

እንግዲህ እገዳው።

አገራችን ዜጎቿ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር እንዳይሄዱ የከለከለችበት ዘመን ነበር። ሐሳቡ እነሱን ለማዳን ነው ተባለ። እኔ ከማገገሚያ ክፍል ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። እገዳው ሴቶቹን አላገደም፤ ወረቀታቸውን ነው ያገደው። በር ሲዘጋ በመስኮት መጡ። በቪዚት ቪዛ፣ በደላላ፣ ያለ ውል። አንዳንዶቹም በመስኮት ወጡ፤ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከአራተኛ ፎቅ፣ የመስታወት መወልወያ ጨርቁን እንደጨበጡ። ማነው ተጠያቂው ሲባል ሁሉም እጁን ያጣምራል። ኩሪያን እንደሚያጣምረው አይደለም። ሦስት ትንፋሽ የቆጠረም አልነበረም።

ዘሐራ ከእነዚያ አንዷ ናት። ከሐይቅ አካባቢ የመጣች ወሎዬ፤ ፓስፖርቷ ሃያ ስድስት ይላል፣ እሷ ሳታስበው ሃያ ትላለች። መስኮት ስትወለውል ወድቃ ጭንቅላቷና ዳሌዋ ተጎድቶ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እኛ ጋ በዊልቸር መጣች። አስተኛኝ፣ አንሳኝ የለም። ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ስላት «አልሐምዱሊላህ! እርስዎስ ጋሼ?» ትላለች። ኩሪያን ሕመሟን ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር ስጪው ብሎ ሲያስጠይቀኝ፣

«ለሰው አገር ሰው ሕመም በቁጥር ይነገራል እንዴ? ደህና ነኝ በሉት» ትለኛለች።

«ደህና ነኝ ካልሽ እንዴት ያክምሽ?»

«ታዲያ ብነግረው ምን ይበል? እሱም የእናት ልጅ ነው፣ ይጨነቃል።»

በሦስት ወር በዎከር፣ ከዚያ በከዘራ፣ ከዚያ በባዶ እጇ ሄደች። እግሯ ዳነ። ጭንቅላቷ ግን አንድ ነገር ጎደለው፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ አልቻለም። እጇ ሁሉን ያስታውሳል። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋዋ አይታይም ነበር፤ ነርሶች ለማየት ይመጣሉ። ስልኩ ሲጮኽ ግን ቢላዋውንም ምድጃውንም ትታ ትሮጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ምድጃ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ዘይቱ ይጨሳል፣ እሷ ስልኩን ይዛ፣ «ሃሎ ማዳም!» ትላለች። ሁለት ጊዜ ተፈተነች፣ ሁለት ጊዜ ወደቀች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አገሯ መግባት። ሮላ ያሉ አበሻ እህቶች ትኬት ሊገዙላት ተነጋግረዋል። አየር መንገዱ ግን ብቻዋን መጓዝ ትችላለች የሚል የሆስፒታል ወረቀት ይፈልጋል፤ ካልቻለች አጃቢ ያስፈልጋል። ወረቀቱ የሚሰጠው ደግሞ ወጥ ቤቱን ላለፈ ነው። ኩሪያን ሁለት ወር ጨምሩልኝ አለ። ወጪውን የሚከፍሉት የኢንሹራንስ ሰዎች አንድ ሳምንት አሉ።

«ጋሼ» አለችኝ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአልጋዋን ጠርዝ ይዛ፣ «ያች ስልክ ገደለችኝ። እናቴ ሳላያት ትሞታለች። አንድ ነገር ያድርጉልኝ።»

ትርፏ ጣት ተንቀሳቀሰች።

ሳምንቱን ሙሉ፣ ኩሪያን ምሳ ሲወጣ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተለማመድን። እኔ «እህ! እህ!» ብዬ ስስል እሷ ወዲያው ምድጃውን ታያለች። አሁንም ሳል፣ አሁንም ምድጃ። በአራተኛው ቀን ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ አንገቷ ይዞር ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ! ትምህርት ቤት ሳለሁ ለወንበር ጓደኛዬ መልስ የማስኮርጀው በሳል ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ሙያዬን አልረሳሁም ብዬ ተደነቅሁ።

ፈተናው ደረሰ። ሽንኩርቱ በረረ፣ ዘይቱ ገባ፣ ኩሪያን ኮሪደሩ ላይ ስልኩን ደወለ። ዘሐራ ሮጠች። አነሳች። እኔ ሳልኩ። ዞር አለች፣ ምድጃውን አየች፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ተመልሳ አጠፋችው። ኩሪያን በመስታወቱ ውስጥ ማኘኩን አቆመ።

ገብቶ ዙሪያዋን ዞረ። የጫማዋን ሶል እንኳ አየ። «ባለፈው ሳምንት ያልቻለችውን?» አለኝ።

«አብሽር ብያት ነው» አልኩት። አብሽር ማለት በወሎ አይዞሽ ማለት ነው። ውሸት ሲጠፋኝ የሰው ዘዬ እበደራለሁ።

ወረቀቱ ላይ «የቤት ውስጥ ተግባራትን ያለ ረዳት ታከናውናለች» ተብሎ ተጻፈ። ኩሪያን ፈረመ፤ እኔም ከሥሩ በክፍሉ የተገኘ ብዬ ፈረምኩ። ለአንዲት ሻርጃዊት እናት ይህ ዓረፍተ ነገር ሻይዋን ራሷ ታፈላለች ማለት ነው። ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቁርሱን ይሠራል ማለት ነው። ለቤት ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ሞኙ አላሰብኩትም። ያሰበ ሰው ግን ነበር።

ያስመጣት ኤጀንሲ ሰውዬ ከአጅማን ሊወስዳት መጣ። ስሙን አልጽፍም። የአገሬ ልጅ ነው፤ የሚያበግነኝም ይኸው ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። ጣቱ ላይ የቁልፍ ቀለበት ያሽከረክራል፣ ሽቶው ከሄሉ ይበልጣል። ወረቀቱን ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ኤርፖርት ላድርሳት ጋሼ፣ እርስዎ አይድከሙ» አለኝ።

ተባረክ አልኩት! ሻንጣዋን መኪናው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። የኋላውን በር የከፈትኩላት፣ ቀበቶዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ዘሐራ በመስኮት እጄን ስማ፣ «ሐይቅ ሲመጡ ዓሣ አበላዎታለሁ» አለችኝ።

ትኬቱን የያዙት እህቶች ኤርፖርት ጠበቋት። አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን አጅማን ሄጄ ሰውየውን ቢሮው ውስጥ አገኘሁት።

«ልጅቷ የት ናት?»

«ሹግል፣ ሥራ ገባች፣ ጋሼ። ጥሩ ቤት ነው።»

«በሽተኛ እኮ ናት!»

መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን አወጣ። «ያለ ረዳት ትሠራለች ይላል። የፈረማችሁት እናንተ። ይኸ የእርስዎ ፊርማ አይደለም? ቆንጆ ፊርማ አለዎት።»

ከእህቶቹ ጋር አንድ ሁለት ቢሮ ዞርን። «ውሏን አምጡ» ተባልን። በመስኮት የገባ ሰው የምን ውል አለው? ሰውየው ስለ እሷ ያለው ወረቀት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያኔ እንኳ ለኩሪያን አልነገርኩትም። ፈሪም ነኝ፤ ሥራ አስኪያጇ ንግግሯ ላይ ዘለለችው እንጂ።

በሁለተኛው ወር ዘሐራ ተመለሰች። ሁለት እጇ እስከ ክርን በፋሻ ተጠቅልሏል። ያመጣቻት አዲሷ ማዳም ናት፤ መተላለፊያው ላይ ቆማ በዓረብኛ ትጮኻለች፣ እንባዋም ይወርዳል። «ጤነኛ ናት ብላችሁ ፈርማችኋል! ልጆቼ ቤት ውስጥ ነበሩ!» ትላለች። ልክ ነበረች። መጥበሻው ዘይት ይዞ ምድጃ ላይ ሳለ የበር ደወል ጮኸ። ዘሐራ ልትከፍት ሮጠች። ስትመለስ እሳት ነው። ሕፃናቱ እንዳይነካቸው ብላ የሚነደውን መጥበሻ በሁለት እጇ አንስታ ግቢ አወጣችው።

ይህን የነገረችኝ ፋሻውን ስቀይርላት ነው። ኮምቦልቻ ስንት ቃጠሎ ያጠበ እጄ የፋሻውን ጫፍ ፈልጎ አጣ። እሷ አጽናናችኝ።

«አብሽር ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ። ደወሉ ጮኸ፣ ሄድኩ። ቆሜ ጠበቅኩ እኮ። ቢስሉልኝ ኖሮ አጠፋው ነበር።»

ተነስቼ ሽንት ቤት ገባሁ። ምን እንዳደረግሁ አልጽፍም።

ከዚያ ወጥቼ ለኩሪያን ሁሉንም ነገርኩት፤ ልምምዱን፣ ሳሉን፣ ሻንጣውን። ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ያኝከው የነበረውን ሄል በመሐረቡ ተፍቶ አጠፈው።

«እኔ የእሷን ጭንቅላት የፈተንኩ መስሎኝ፣ የፈተንኩት ያንተን ጉሮሮ ነው» አለኝ። «አልፏል። ጤነኛ ጉሮሮ ነው።»

«አባርረኝ» አልኩት።

«ማባረር ላንተ ዕረፍት ነው። ጣቶቿን አንተ ትዘረጋለህ። አንድ በአንድ።»

አምስት ወር ዘረጋሁ። የተቃጠለ እጅ ሲድን ይኮማተራል፤ ቆዳው ጣቶቹን ወደ መዳፍ ይጎትታል፣ ዛሬ የዘረጋኸውን ሌሊቱን ሙሉ ሲሰበስብ ያድራል። ቫዝሊን ቀብቼ ጠባሳውን በአውራ ጣቴ አሻለሁ፣ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ሕመሙ ፊቷ ላይ ሊወጣ እስኪል ድረስ እገፋለሁ፣ እዚያ ላይ ይዤ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ በፕላስቲክ ማሰሪያው ዘርግቼ አስራለሁ። በነጋታው ከመጀመሪያው። የግራ እጇ ተመለሰ። የቀኙ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀሩ። ያ ሽንኩርት ሲከትፍ ነርስ የሚሰበስብ እጅ ነው። አንድ ቀን እየዘረጋሁ፣ «ስንት ነው ሕመሙ?» ብላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ሰጠችኝ።

«ዐሥር» አለች። «ግን ለኩሪያን እንዳይነግሩት።»

እጇ ማንኪያ መያዝ ሲችል ያ የአጅማን ሰውዬ ቁልፉን እያሽከረከረ መጣ። «ወረቀቷ ደረሰ?» አለ። ፊት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም! ኩሪያን በእርጋታ፣ «ሐሙስ ትፈተናለች፤ የምታገኘውን ወረቀት ሐሙስ ታያለህ» አለው። ከዚያ እኔን ገለል አድርጎ ነገረኝ። ብትወድቅ ብቻዋን መሥራትም መጓዝም አትችልም ብሎ ይጽፋል፤ ያንን ወረቀት ይዞ ማንም ቤት ሊያስገባት አይችልም፣ ሊያስወጣት የሚመጣም አይኖርም። ግን አጃቢ ሳይኖር አውሮፕላን አይጭናትም።

«አጃቢዋ ማን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። ፈቃድ ከወሰድኩ ዓመታት አልፈው ነበር። «ግን ብታልፍስ?»

«እጅህ የት እንደሚሆን ብቻ አስብ» አለኝ።

ዘሐራ ሐሙስ አዲስ ሻሽ አስራ መጣች። መውደቅ ይሻልሻል አላልኳትም፤ ኩሪያን ከልክሎኝ ነበር፣ እኔም ያኔ ገብቶኛል። የእሷ መሆን አለበት። ቢላዋውን በግራ እጇ ያዘች። ሽንኩርቱ ትላልቅ ሆኖ ወጣ። ዘይቱን ጨመረች። ግንባሯ ላይ ላብ፣ ከንፈሯ ላይ ቢስሚላህ። ከመስታወቱ ጀርባ ኩሪያን ስልኩን ደወለ።

ሄደች። በመዳፏና በአውራ ጣቷ አነሳችው። «ሃሎ?» አለች።

እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ዘይቱ መንጫጫት ጀመረ። አንድ ትንፋሽ። ጉሮሮዬን የጉንዳን መንጋ የገባበት ያህል በላኝ፤ እውነተኛ ሳል ነው የመጣብኝ፣ እንደዚያ ቀን አስሎኝ አያውቅም። ሁለት ትንፋሽ። ዘሐራ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ዞረችና አፌን አየች። አየችና ጠበቀች። ጥርሴን ነከስኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ከመጥበሻው ጭስ ተነሳ። ሦስት።

ኩሪያን ገብቶ ምድጃውን አጠፋው።

ዘሐራ ጭሱን አየች፣ ስልኩን አየች፣ ከዚያ እኔን በአዘኔታ አየችኝ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ጉንፋኑ ለቀቀዎት እንዴ?»

«ለቀቀኝ ልጄ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ። እኔም ስንት ዱዓ አድርጌልዎት ነበር።»

ኩሪያን ያየውን ጻፈ። እኔም ያየሁትን ከሥሩ ፈረምኩ። አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ አብሬያት በረርኩ። አውሮፕላኑ ላይ ሻይ ሲመጣ ኩባያዋን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት፤ በሁለት መዳፏ ይዛ ጠጣች፣ ግማሹ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ወንድሟ ቦሌ ተቀበላት። እናቷ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፤ ስሜን አልያዘችውም፣ «ያ የሚያስለው ሰውዬ» ነው የምትለኝ። ልጇ ዛሬም ድስት ጥዳ ትረሳለች። «ታዲያ ቤቱ ሞልቶ የለ፣ አንዳችን እናወጣዋለን» አለችኝ። እኛ ግን በዚያ ሁሉ መሣሪያና በዚያ ሁሉ ቅጽ የምንለካው ሰው ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚችል ነው። ብቻውን ያደረገው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ የለም።

እገዳው ከጊዜ በኋላ ተነሳ። በእሱ ዘመን የወደቁትን ያነሳ ግን አላየሁም።

አሁን አጅማን ከልጄ ቤት ወደ ባሕሩ ዳር በእግሬ እሄዳለሁ፤ ለጉልበቴ ነው። መንገዱ ላይ ያ ሰውዬ አለ። ቢሮው ሰፍቷል፣ አዲስ ሰሌዳ ሰቅሏል። ሲያየኝ ከደጁ ይነሳና ቁልፉን እያሽከረከረ፣ «ጋሽ ዓለሙ! ሰላም ነው? ጡረታ እንዴት ይዞዎታል?» ይለኛል።

እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አልፋለሁ። አላፊ አግዳሚው ጨዋ ሽማግሌ ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን ጣቶቼን ጠምጥሜ የያዝኳቸው እንዳልመታው ነው። ብመታውም የሚሰበረው የእኔ እጅ ነው፤ ከዚያ ሻርጃ ይወስዱኝና ሦስተኛ ፎቅ ላይ አቁመው እንቁላል ጥበስ ይሉኛል። ሦስት ትንፋሽ እቆጥራለሁ። አንዳንድ ቀን ሦስት አይበቃኝም፤ እስከ ባሕሩ ድረስ እየቆጠርኩ እሄዳለሁ።